ያልተተከለው ችካል

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛልኝ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴን ተሽሎኛል፤ ታናሽሽም አዲስ ሥራ ይዟል።

የምንጩ ውኃ ግን ቀጥኗል። ጎርፉ ከላይ አፈሩን ጠርጎ ስለጨረሰው፣ ክረምቱ ሳይገባ ተዳፋቱ ላይ እርከን እንሥራ ብለን ኮሚቴ አቋቁመናል። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው የማግባባው እኔ ነኝ። ደንባችን አንድ ነው፤ ባለመሬቱ በራሱ አንደበት ካልፈቀደ የእርከኑን መስመር የሚያሳየው ችካል አይተከልም።

ሁሉም ፈቀዱ። መስመሩ አባትሽ ለቤት መሥሪያ ከሰጠሽ ቦታ ሲደርስ ግን ቆመ። በስብሰባው ላይ "ግድ የለም፣ ልጄ እሺ ትላለች" ብል፣ ጎረቤታችን ግንበኛው፣ "እትዬ፣ ባለቤቴ ታማ ተኝታ ሳለ 'መሬቱ የጋራችሁ ነው፣ ከሷም ልስማ' ብለው ቀስቅሰዋት አልነበር? ለእርስዎ ሲሆን በውክልና ሆነ?" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። አጎትሽ ደግሞ፣ "ልጅቷ ስትመጣ የት ትደር? እርከኑ ላይ?" ብሎ በሩን በላያችን ወርውሮት ወጣ። ከዚያ ወዲህ የታች ሰፈሮቹ "የሷ መሬት ካልተነካ የኛም ችካል ይነቀል" እያሉ ነው፤ ሰማዩም መጥቆር ጀምሯል።

እርከኑ የቦታሽን እኩሌታ ይወስዳል፤ ያሰብሽው ቤት ማነሱ አይቀርም። ይህን ሳታውቂ እሺ እንድትዪ አልፈልግም። እምቢ ብትዪም ልጄ ነሽ፤ ብቻ አንቺው በአንደበትሽ ንገሪያቸው። እሑድ በስብሰባው ሰዓት ደውዪልኝ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው መሃል አስቀምጠዋለሁ። ያንቺን ችካል በር ጥግ አቁሜዋለሁ፤ ስወጣ ስገባ ያደናቅፈኛል።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ መመለሻሽን ያሳምርልኝ።

እናትሽ