ወደ ጠረጴዛው ለምን ተጠጋሽ?

ልጄ ሉሊት፣

በሰው አገር የጠበቀሽ አምላክ ክብሩ ይስፋ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ከእንጦጦ ጎርፍ እያወረደ የጓሯችንን ግንብ ሰነጠቀው፤ እናትሽ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ገዝታ የሚያደርስልሽ መንገደኛ ትፈልጋለች።

የእሑዱን የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታሽን በስልክ አየነው። ጎረቤታችን ባጫ፣ «ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ አጥቂ ሆነች! በሦስት ኳስ ትጨርሳቸዋለች!» ብሎ ጨፈረ። እናትሽም እልል አለች። እኔ ግን እግርሽን አየሁ። አንቺ ከጠረጴዛው ርቀሽ፣ ግራ ቀኝ እየሮጥሽ፣ ኳሱን ከሥሩ እየቆረጥሽ በመመለስ ተጋጣሚሽን አድክመሽ የምታሸንፊ ተከላካይ ነሽ። ክለቡም የቀጠረሽ ለዚሁ ነው። አሁን ከጠረጴዛው አትርቂም፤ በቀኝ የመጣውን ኳስ ቆመሽ ታሳልፊያለሽ። ይህ አዲስ ስልት አይደለም፤ አልታዘዝ ያለ ጉልበት ነው።

ደውዬ «ጉልበትሽን ያምሻል ወይ?» ስልሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሽኝ። እሱ ምስጋና ነው እንጂ መልስ አይደለም! አጎትሽ አጥናፉም ስለ ደረቱ በጠየቅነው ቁጥር እንዲሁ ይል ነበር። እኛም «ተመስገን» ብለን ተቀበልነው፤ ከዚያም ቀበርነው።

መርፌ እየወጉ እንደሚያሰልፉሽ እጠረጥራለሁ። መርፌ ሕመሙን ያስተኛል እንጂ ጉልበቱን አይጠግንም። ለእናትሽ ምንም አልነገርኳትም፤ ለቅዳሜው ጨዋታ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታለች። እባክሽ ልጄ፣ ከቅዳሜ በፊት የክለቡ ያልሆነ ሐኪም ጋ ሂጂና እሱ ያለሽን ሳትቀንሺ ንገሪኝ። እመብርሃን እግርሽን ለእርጅናሽ ታቆይልሽ። እስከዚያው ስልክ በጮኸ ቁጥር ከእናትሽ ቀድሜ የማነሣው እኔ ነኝ።

አባትሽ