እጅ የማይወድ ሊጥ

ለምወድሽ ልጄ፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንዴት ሰነበትሽ? ያ ቀጭኑ ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። እዚህ ቤት ከአባትሽ ሆድ በቀር የጨመረ፣ ከስኳር በቀር የጎደለ ነገር የለም። የሆዱን ነገር ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው፣ የአንቺም አለበት።

ባለፈው ስትደውዪ ያልሽውን ታስታውሻለሽ አይደል? የላክሁልሽን የቅቤ ኩኪስ፣ ቆርቆሮውን ከፍተሽ ወዲያው ከድነሽ ለጎረቤት እንደሰጠሽው ነገርሽኝ። ምነው ስልሽ፣ እንጃ እማዬ፣ ሰሞኑን የቅቤ ሽታ አልስማማኝ አለ፣ ጠዋት ጠዋት እንኳን ቅቤ፣ ሻይም አያስጠጋኝ አልሽኝ። ከዚያ ቶሎ ብለሽ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርሽ። እኔም ስለ ዝናቡ አወራሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን መኝታ ቤት ገብቼ፣ አፌን በትራስ አፍኜ እንደ ልጃገረድ ጮህኩ። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቂኝ። እኔም አንቺን አልጠይቅሽም። ዝናቡ አስደስቷት ነው በይ።

አባትሽ ማን ሞተ እያለ እየሮጠ መጣ። ማንም አልሞተም፣ ልጅህን ቅቤ ሸተታት አልኩት። በሩ ላይ ቆሞ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ መነጽሩን አወለቀና መጥረግ ጀመረ። መቼም አባትሽን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ሰፈሩ ጡሩምባ የሚል ስም ያወጣለት በመኪናው ምክንያት አይደለም። ያለፈውን ጊዜ አስታወስኩት። ገና ምኑም ሳይያዝ ለሰፈሩ ሁሉ አብስሮ፣ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ያ ሁሉ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ ባለበት አፉ ሊያጽናናን ሲመጣ፣ አንቺም ስልክ ማንሳት ትተሽ ስትከርሚ፣ ያንን ሁሉ አነሳሁበት። በእኔ ሞት፣ ዘንድሮ አፍህን እንዳትከፍት ብዬ አስማልኩት። እሱም ማለ። ማለና፣ እሺ ዝም እላለሁ፣ ግን ልጄ ምን ትብላ? አለኝ።

ያለፈውም ጊዜ እህል እምቢ ብሎሽ ነበርና ጥያቄው የእኔንም ልብ ያዘው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ምንም አልበላ ሲልሽ ኩኪስ እምቢ ብለሽ አታውቂም። ስለዚህ ቅቤ ቅቤ የማይሸት የቅቤ ኩኪስ ልናገኝልሽ ቆርጠን ተነሳን። አትሳቂ።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞከርኩ። ቅቤውን ቀንሼ፣ የሎሚ ልጣጭ ፍቄ፣ ዝንጅብል ጨምሬ አሸሁት። የእኔን እጅ ታውቂዋለሽ፤ ሆስፒታል ልብስ አጠባ ክፍል አንሶላ ሲጨምቅ የኖረ እጅ ነው። ሊጡንም እንደ አንሶላ ጨመቅሁት። ድሮ ቅቤው ብዙ ስለነበር ጉዴን ይሸፍንልኝ ነበር፤ ቅቤው ሲያንስ ግን ተጋለጥኩ። ከምድጃው ሲወጣ መልኩ ያምር ነበር። አባትሽ አንዱን ነከሰና ጉንጩን ያዘ፤ ወደ ደህናው ጥርሱ አዙሮ ደግሞ ሞከረ። በመጨረሻ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ይሄንን ለግንበኛ ስጪው አለኝ። የጓሮው በር በነፋስ እየተከፈተ ያስቸግረኝ ስለነበር አንዱን ከሥሩ ወሸቅሁበት። እስከ ዛሬ በሩን ይዞልኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ኬክ ቤት ለኬክ ቤት መዞር የጀመርነው። መንገዱን የመረጠው አባትሽ ነው፤ የድሮ መስመሩን። ለካስ እዚያ መስመር ላይ ያለውን ዳቦ ቤትና ኬክ ቤት ሁሉ በአፍንጫው ያውቀዋል። ሠላሳ ዓመት በመስኮት እያሸተተ አልፏል፤ ሰው ጭኖ ወርዶ መግዛት አይችልም፣ ሥራ ሲለቅ ደግሞ ረሳው። አሁን እንደ ጌታ ተሳፋሪ ሆኖ፣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጦ፣ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን እየረገጠ በየፌርማታው ያወርደኛል። መስታወቱ በእንፋሎት የደፈረሰ በር ሲከፍት ፊቱን ብታዪው! ዓይኑን ጨፍኖ ይቆምና፣ ይሄ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የሚገድለኝ ይሄ ነበር ይላል።

አንዱ ቤት ኩኪስ በኪሎ ይሸጣል፤ የተሰባበረውን ለብቻ በርካሽ ያወጡታል። አባትሽ ይህን ካወቀ ወዲህ ደህናውን አይቶ አያውቅም፤ ስባሪ ይጣፍጣል ብሎ ይከራከረኛል። ሌላው ቤት የሁለት ወንድማማች ነው፤ አንዱ ይጋግራል፣ አንዱ ይሸጣል፣ ግን ተኳርፈዋል። የሚነጋገሩት በደንበኛ በኩል ነው፤ ለዚያ ሰውዬ ትሪው ባዶ ነው በሉልኝ ይላል ሻጩ። አባትሽ መልእክቱን ሲያመላልስ ከራሱ እየጨመረበት፣ ወንድምህ ናፍቆኛል ይልሃል ብሎት አረፈው! ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ከጓዳ ወጣ። ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው፤ እኛም ያን ዕለት ሳንከፍል በልተን ወጣን። እኔ ደግሞ በየቤቱ ኩኪሱን ከመቅመሴ በፊት በአንቺ አፍንጫ አሸተዋለሁ። ሻጮቹ ምን ያለችዋ ናት ብለው ያዩኛል። ሁሉም ይጣፍጣል፣ ሁሉም ቅቤ ይሸታል።

የፈለግነውን ያገኘነው በመጨረሻው ፌርማታ፣ የአንዲት ሴት ቤት ነው። ወፈር ያለች፣ ክንዷ በምድጃ የተለበለበ፣ በአንቺ ዕድሜ የምትሆን ናት። ኩኪሷን አሸተትኩት፤ ሎሚና ዝንጅብል እንጂ ቅቤ አይሸትም። አፍ ውስጥ ግን እንደ ቅቤ ኩኪስ ፍርክስክስ ይላል። እንዴት ነው የሠራሽው ልጄ ስላት፣ ለማን ፈልገውት ነው እናቴ? አለችኝ። አባትሽ አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። ደነገጠና፣ ለእኔ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል አላት! ልጅቷ ቀና ብላ ሆዱን አየችው። ከዚያ ፈገግ እንኳን ሳትል፣ አባባ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው? አለችው። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጡሩምባም ሆዱን በኮቱ ሸፈነ።

ወደ ጓዳዋ አስገባችኝ። ግማሹን ቅቤ በዘይት ትተካለች፤ ምስጢሩ ይኸው ነው። ለእኔ የከበደኝ ግን እጇ ነው። ሊጡን በጣቷ ጫፍ ሰብሰብ ታደርገዋለች እንጂ አታሸውም። እኔ አላስችል ብሎኝ እጄን ስሰድ ያዝ አደረገችኝና፣ ይተዉት እናቴ፣ ይሄ ሊጥ እጅ አይወድም፣ በነካኩት ቁጥር ይደርቃል፣ ሰብስቦ ፍሪጅ አስገብቶ መጠበቅ ነው አለችኝ። ልጄ፣ እዚያ ቆሜ አንቺን አሰብኩሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ መደወሌን የተውኩት ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ እንዳስቀመጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንቺ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ፤ ባትፈልጊም ልጄ ነሽ።

ስንወጣ ልጅቷ፣ የሚበላው ሰው ጠዋት ከትራሱ ቀና ሳይል አንዲት በደረቁ ይብላ፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ አለችኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም፤ ግን ጉንጯን ሳምኳት።

እነሆ በእጄ የጋገርኩት፣ ይቅርታ፣ እጄን ሰብስቤ የጋገርኩት በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ አለ። አባትሽ ለሙከራ እያለ አንድ ትሪ ሙሉ ጨርሷል፤ የሆዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቆርቆሮውን ራስጌሽ አስቀምጪው። ባለቤትሽ እጁን እንዳይሰድ፤ ለእሱ ስባሪ ለብቻ ጠቅልያለሁ።

ኩኪሶቹ ከወትሮው ተለቅ ብለው ብታዪያቸው አትገረሚ። በሻይ ብርጭቆ አፍ ስለቆረጥኳቸው ነው። አስተውለሽ እንደሆነ አላውቅም፣ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የላክሁልሽ ሁሉ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሽርፍ ነበረው። እቆርጥ የነበረው ሕፃን ሳለሽ ወተት በጠጣሽባት፣ አፏ በተሸረፈው ሰማያዊ ኩባያ ነው። ያቺ ያን ጊዜ ልከንልሽ፣ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር በመንገደኛ እጅ ያለ ቃል የመለስሻት። ስትመለስ የት እንደማደርጋት ጨነቀኝ፤ ባዶዋን መደርደሪያ ላይ ከማያት ብዬ የሊጥ መቁረጫ አደረግኳት። አሁን ሊጡን ዳምጬ ስፈልጋት ቦታዋ የለችም። አባትሽ አጥቧት፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጧታል። ምነው ስለው፣ ከእንግዲህ ሊጥ አይቆረጥባትም አለኝ። አንልክልሽም፤ እዚሁ ትቆያለች። የጠራሻት ቀን ግን እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ።

ያሰብሽውን ይሙላልሽ፣ የያዝሽውን ይጠብቅልሽ። እንቅልፍሽ የሰላም፣ ጠዋትሽ የደስታ ይሁን። ሌላም ምርቃት ነበረኝ፤ እሱን ለጊዜው ፍሪጅ አስገብቼዋለሁ።

ምንም ያልጠየቀችሽ
እናትሽ

አባትሽ አንድ መስመር ካልጻፍኩ ብሎ እስክሪብቶውን ነጠቀኝ፦

ልጄ፣ እኔም ምንም አላልኩም። ደረጃ ስትወጪ ቀስ በይ።
አባትሽ