ለቢሊሴ፣ ስለ ነፋሱ ቧንቧ

ለልጄ ለቢሊሴ ጅራታ፣
ካለሽበት ዱባይ።

ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አካም ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ፋኦልስ? አሁንም ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል? የልጅ ልጄ ኢሊሊስ እንዴት ናት? የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለ ወይስ እንደ አያቷ በድዷ ቀረች? እኛ የዘንድሮን ዝናብ ሁሉ ችለን፣ ከእኔ ጉልበትና ከእናትሽ ሳል በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ላሚቱ ወልዳለች። ጥጃዋ ሲጎትቷት ወደ ኋላ ነው የምትሄደው፤ አንቺን መሰለችኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስለ ሴራሚክና ስለ ቧንቧ ስናወራ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። መቼ ነው የምትመጪው ስልሽ ግን ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ደብዳቤ አይቆራረጥም ብዬ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዱሬቲ ወደዚያው ስለምትመጣ ከበርበሬው ጋር ታደርስልሻለች። አደራ፣ በርበሬውን በነካ እጅሽ አታንብቢው፤ ያለቀስሽው በእኔ ምክንያት እንዲመስለኝ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ኢሊሊ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጣሪያ ውስጥ በቧንቧ እየሄደ ለየክፍሉ ነፋስ የሚያከፋፍለውን ዓይነት አስገባና እንመጣለን ብለሽኛል። ሦስት ፎቶ ልከሽም አባባ፣ አንተው ምረጥ አልሽኝ። አየኋቸው። አንዱ ነጭ ሣጥን ነው፣ አንዱም ነጭ ሣጥን ነው፣ ሦስተኛው ተለቅ ያለ ነጭ ሣጥን ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነፋስ ምረጥ እባላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ብቻዬን አልችልም ብዬ ገበያው አጠገብ ፍሪጅ የሚጠግነውን ሀምዱን ጠራሁት። ከወራቤ መጥቶ እዚህ ሱቅ የከፈተው ነው፣ ሳታውቂው አትቀሪም። ሜትሩን ይዞ መጣ፣ ክፍሉን ሁሉ ለካ፣ መስኮቱን ቆጠረ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ጠየቀኝ። ከዚያ ኮርኒሱን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። ሲወርድ ፀጉሩ በሸረሪት ድር ተሸፍኖ እኔን የሚያህል ሽማግሌ ሆኗል። ጋሼ ጅራታ፣ አልዋሽዎትም አለኝ። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል ድመት እንኳ አጎንብሳ ነው የምታልፈው፤ ቧንቧው እንዲያልፍ ወይ ጣሪያው ይነሳል ወይ ኮርኒሱ ይወርዳል። ቧንቧው በደንብ ካልተሸፈነ ውሃ ያልበውና ኮርኒሱ ይበሰብሳል። መብራታችንም በነጎደጎደ ቁጥር ይጠፋል። ደግሞ ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት ስድስት ክፍል ማቀዝቀዝ ምንድን ነው? ግድ ከሆነ ለልጅቷ ክፍል ብቻ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትንሹ ይበቃል አለኝ። ሥራ ሲሰጡት አይሆንም የሚል ነጋዴ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ቧንቧውን በዓይናችሁ እዩት ብሎ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ናሙና ትቶልን ሄደ። ቢሊሴ፣ ብታዪው! ክብ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ላይ ላዩ ሙቀት እንዳያስገባ ወፍራም ነገር ተጠቅልሎበታል፣ ቁመቱ እኔን ያህላል። ይህንማ ከልጅነቴ ጀምሮ ዛፍ ላይ ስሰቅለው የኖርኩት ነው፤ ቀፎ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ዶሮ ኩሱን እንዳይጥልበት፣ ጥጃዋም እንዳትረግጠው ብዬ ጓሮ ካለው ዋንዛ ላይ ሰቀልኩት። አይጥ እንዳይገባበትም ሁለቱን አፉን በኮባ ቅጠል ደፈንኩት። ትንሽ ቀዳዳ ግን ተውኩለት።

በአራተኛው ቀን የንብ መንጋ ገባበት። አበባው በፈነዳበት ወቅት ንብ ቤት እንደሚፈልግ አንቺም ታውቂያለሽ። ሀምዱ ናሙናዬን ለሌላ ሰው ላሳይ ብሎ መጥቶ ወደ ዋንዛው ቀና ሲል፣ ቦርሳውን ጥሎ እስከ በሩ ሮጠ። ወዳጄ ኢቲቻ ከሁሩሙ መጥቶ አብሮን ነበርና፣ በራሱ ፈቃድ ግቢ የገባ ንብ እንደማይባረር፣ ያባረረው ሰው ሲሳዩ እንደሚሸሸው በቁም ነገር አስረዳው። ሀምዱ ከበሩ ሆኖ እሺ እንግዲህ፣ የመጀመሪያው ማር የእኔ ነው አለ። ተስማማን። ሲሄድ ኢቲቻ ወደ እኔ ዞሮ እጄን አሸተተና፣ አንተ ሌባ፣ ወይራ ትሸታለህ አለኝ። እውነቱን ነው። ቧንቧውን ከመስቀሌ በፊት ንብ ሽታውን ወድዶ እንዲገባበት ውስጡን በወይራ ጭስ አጥኜዋለሁ። ይህን ለሀምዱ እንዳትነግሪው።

ስቀሽ ከሆነ ደግ ነው፤ አሁን የምጽፈው አያስቅም።

ልጄ፣ ደክሞኛል። መጀመሪያ ሽንት ቤቱ ቤት ውስጥ ይግባና እንመጣለን አልሽ፣ አስገባን። ቀጥሎ ሮቶው፣ ሰቀልን። ከዚያ ወለሉ ሴራሚክ ይሁን አልሽ፣ ሆነ። እናትሽ እስካሁን ስትረግጠው ገና እንደተወለደች ጥጃ እግሯ ይንቀጠቀጣል፤ ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። አንድ ነገር ባለቀ ቁጥር አንሶላ አጥባ የእናንተን አልጋ ታነጥፋለች። አንጥፋ ታነሳለች። አሁን ደግሞ ነፋስ መጣ። እኔ የምፈራው ነፋሱን አይደለም፣ ከነፋሱ በኋላ የሚመጣውን ነው። መምጣት ከብዶሽ ከሆነ ከብዶኛል በይኝ፤ አባት ነኝ፣ እችለዋለሁ። ግን ምክንያትሽን እየሠራሁ እንድኖር አታድርጊኝ። ጉልበቴም ለዚያ አይበቃም።

ቴርሞሜትር ገዝቼ ለኢሊሊ ባዘጋጀነው ክፍል ሰቅዬአለሁ። እኩለ ቀን ላይ ሃያ ሦስት ይላል። ለመፈተን ብዬ አልጋዋ ላይ ጋደም ብል እናትሽ የታመምኩ መስሏት ጋቢ ደረበችብኝ፤ እውነት ለመናገር አላወለቅኩትም። ሙቀት የሚባል ነገር ወደዚህ አገር ብቅ የሚለው የካቲትና መጋቢት ነው።

ምረጥ ብለሽኝ የለ? መርጫለሁ። ጣሪያው አይነካም። ሀምዱ ግን በልጅቷ ክፍል ግድግዳ ላይ ለትንሹ ማሽን የሚሆን ቀዳዳ በስቶ በጣውላ ዘግቶልኛል። በየካቲት ይዘሻት ነይ። ግንባሯ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ ካየሁ በዚያው ቀን ይሰቀላል፤ ሀምዱም ቃሉን ሰጥቷል። ከልጅቷ በፊት ግን ማሽኑን አላስገባም። የሚሞቀው ሰው በሌለበት ቤት ማቀዝቀዣው ለማን ነው? እኔና እናትሽ እንደሆንን በርዶናል።

እናትሽ ዘውደነሽ ዓይንሽን ትስማለች፤ ስለ ሴራሚኩ የጻፍኩትን ሰርዝ ብላኝ ሰርዣለሁ ብያታለሁ። ኢቲቻ ሰላም ብሎሻል፤ ማሩ ለየካቲት ይደርሳል ይላል፣ እኔ አላምነውም፣ አንቺ ግን እመኚው። ፋኦልን ጫማህን አውልቅ ብሏል በይልኝ። ኢሊሊን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝና አያትሽ ነፋሱን ቧንቧ ውስጥ ከትቶ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል፣ ሲያዳምጡት እንደ ንብ ይጮሃል ብለሽ ንገሪያት። አታምንሽም። ይዘሽ ነይና ታዳምጠው።

አባትሽ ጅራታ
መቱ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.