ለንደን መሄጃው ቁልቁለት ነው

ልጄ ሮሲትሳ፣ እናትሽ ትማጸናት የነበረችው እመቤታችን ትጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ፍየሏም አጥር መዝለሏን አልተወችም።

የአውሮፕላን ቲኬት የምትሸጠዋን ልጅ ጠየቅኋት። ከሶፊያ ጠዋት በሁለት ሰዓት የተነሳ ለንደን በሦስት ይደርሳል፤ ከለንደን በሁለት የተነሳ ግን እኛ ዘንድ የሚደርሰው በሰባት ነው አለችኝ።

«ታዲያ መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነዋ» አልኳት።

«ኧረ አባባ፣ የአገሩ ሰዓት ስለሚለያይ ነው እንጂ መንገዱስ አንድ ነው» ብላ ሳቀች።

«ፍየል አግደሽ ታውቂያለሽ? ስለ ዳገት እኔን አታስተምሪኝ» አልኳት።

ሦስት ዓመት እዚያው ለንደን የቀረሽው ዳገቱ ከብዶሽ ነውና አልቀየምሽም። ቁልቁለቱን በመስከረም እኔው እወርደዋለሁ፤ ቲኬት ቆርጫለሁ። ለእናትሽ ሙት ዓመት ስመለስ ግን ዳገቱን ብቻዬን አልወጣውም፤ ደግፈሽ አምጪኝ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ።

አባትሽ ሚንቾ