ሩሃማ ያደለችው ጠመኔ

ለምወድሽ እህት ዓለሜ ወሰንየለሽ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ስፌት መኪናው ላይ ጎብጠሽ ስትውዪ ማታ ማታ የሚይዝሽ ነገር ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ትራስ ከጀርባሽ ሸጉጠሽ ነው የምትሰፊው? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነላት? ጋሽ ዓባይነህስ ከሻይ ቤት ክርክሩ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል? የድሬ ሙቀት ጥቅምት ካለፈ ወዲህ ጋብ አለላችሁ ወይስ እስካሁን ፍራሽ ግቢ አውጥታችሁ ነው የምታድሩት? እኛን ብርዱ ከወዲሁ ጃኬት አስለብሶናል። ከዚህ ሌላ እኔም ሰሎሞንም ሩሃማም ደህና ነን፤ ምስጋናው ለፈጣሪ ይሁን፣ ናፍቆታችሁ ግን እንዳለ ነው።

በዚህ በስልክ ዘመን ወረቀት ላይ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። ምን ላድርግ፣ ስልኩንማ አንቺ አስቸገርሽኝ። ከፋሲካ ወዲህ ሩሃማ አጠገቤ መሆኗን ካወቅሽ መብራት ሊጠፋ ነው ትያለሽ፣ ደንበኛ መጣብኝ ትያለሽ፣ አለዚያም ስልኩን ለእማዬ ታቀብያለሽ። ስለዚያ ቆሎ ላነሳ ስል ወሬ ታስቀይሪያለሽ። ወረቀት ላይ ግን ኔትዎርክ አይቆራረጥም። አብራኝ ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ ሆቴል የምትሠራው ደራርቱ ለእህቷ ሠርግ ወደ ድሬ ስለምትበር በእጇ ላክሁልሽ፤ ጨርሰሽ እንድታነቢው እለምንሻለሁ።

ቆሎውን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም። የባቢሌ ኦቾሎኒ መርጠሽ፣ በጣትሽ ፈልፍለሽ፣ ከገብሱና ከሱፉ ጋር ቀላቅለሽ ለሩሃማ ብለሽ የላክሽው ቆሎ ነው። ልጅቷ ከዚያ በፊት ኦቾሎኒ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ሰሎሞን ሽታውን ስለማይወድ ቤታችን አይገባም ነበር። እፍኝ ሳትሞላ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ አምቡላንስ ጠራን። ሐኪሙም ሰውነቷ ኦቾሎኒ እንደማይቀበል ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር አለን። ይህንን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። አንቺ ግን በገዛ እጄ ልጅቷን ልገድላት ነበር ብለሽ እጅሽን ከእኛ ሰበሰብሽ። መላኩንም ተውሽ፣ ለልጅቷ ድምፅሽን ማሰማቱንም ተውሽ።

በወዲህ በኩል ደግሞ ሩሃማ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእኔ እጅ በቀር የማንንም እጅ አታምንም። ልደት ተጠርታ ስትሄድ ኬክ ሲቆረጥ መታጠቢያ ቤት ገብታ ትቆያለች። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ ከቀሚሴ ጀርባ ትደበቃለች፤ ሰዎቹ ይቀየማሉ፣ እኔ መሃል ቆሜ ሳስረዳ እውላለሁ። ስምንት ዓመቷ ነው። ትንፋሽ ሲያጥራት የምትወጋውን መርፌ በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች፣ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ከእኔ ቀድማ ታነባለች። ለሕመሙስ መድኃኒት አለው፣ እሱን ለምደነዋል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ልጄ ሰው እየፈራች እንዳታድግ ነው።

እኛ እንዲህ ነበር ያደግነው ወሰኔ? እኔ እንደሆንኩ ቤታችን ቁጭ ብዬ ምሳ የበላሁበትን ቀን ባስብ ባስብ አይመጣልኝም። እነ ሞሚና ቤት ሩዝ ከሸተተ እዚያ ነኝ። ዒድ ሲሆን የሐሉዋውን ሳህን የምልሰው እኔ፣ ፋሲካ ሲሆን እኛ ቤት እንቁላሉን የምትጨርሰው ሞሚና። ማን ሠራው፣ ምን ገባበት ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላስታውስም። አባባ ከባቡር ጣቢያ ሲገባ የሚያመጣልን ያ የጅቡቲ ናና ከረሜላስ? ለነገ አንድ ይቀመጥ ትዪና ሌላውን በጥርስሽ ሰንጥቀሽ ትልቁን ግማሽ ታጎርሺኝ ነበር። ይህን እዚህ ብናገር ፖሊስ የሚጠሩብሽ ይመስለኛል። እኔ ግን እስካሁን ናና በሸተተኝ ቁጥር ጥርስሽ ነው የሚታየኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሃሎዊን የሚሉት በዓላቸው አልፎ መሰንበቱ ነው። ልጆች ጭራቅም ልዕልትም መስለው ለብሰው ከረሜላ ለመሰብሰብ በየቤቱ የሚዞሩበትን ምሽት የኮሎምበስ ሰው የለማኞች ምሽት ይለዋል። የመጣን ዓመት ይህን ስሰማ ቡሄ ነዋ ብዬ መፈንደቄንና የሆነውን ታስታውሻለሽ፣ ደውዬ አልቅሼብሽ ነበር። ከሥራ መልስ አቡክቼ በኦቨን ሙልሙል ጋገርኩ፣ ጥቁር አዝሙድ ሳይቀር ነሰነስኩበት። በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ሲበቃቸው ዳቦዬን ተቀብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ ብዬ ነው። ለካስ ጭፈራ የለም። ልጁ ሁለት ቃል ይወረውራል፣ ይቀበላል፣ ይሮጣል። እናቶቻቸው ዳቦውን አይተው ፈገግ እያሉ አመሰገኑኝ። በማግስቱ ሥራ ልሄድ ስወጣ ሙልሙሎቼ በጎረቤት የቆሻሻ በርሜል አፍ ላይ ተከምረው አየኋቸው። አንዱን ሽኮኮ ይዛ ትግጣለች፤ እሷ እንኳ ወዳዋለች። አንቺም አቦ ተያቸው፣ ዳቦ የማያውቅ አገር ነው ብለሽ አሳቅሽኝ።

ያን ጊዜ ንቀት መስሎኝ ነበር፣ ለወራትም በሆዴ ይዤው ከረምኩ። ዘንድሮ ነው የገባኝ። ከእነዚያ ፈገግ ከሚሉ እናቶች አንዷ እንደ እኔ በአምቡላንስ ተሳፍራ የልጇን ትንፋሽ ስትቆጥር የሄደች ትሆን እንደሆነስ ማን ያውቃል? ያልታሸገ፣ ምንም ያልተጻፈበት ዳቦ፣ ያውም ከማታውቀው ሰው እጅ። ዛሬ እኔም ብሆን በርሜሉን ነው የምፈልገው።

ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ሩሃማ አልወጣም አለች፣ የምትለብሰውንም አልመረጠችም። ግን ከትምህርት ቤቷ ነርስ አንድ ነገር ሰምታ መጣች። ዱባቸውን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው በራቸው ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፣ እዚህ ቤት የማይበላ ነገር ይታደላል፣ ምግብ የሚጎዳው ልጅ ሳይፈራ ይምጣ ማለት ነው አለችኝ። እኛም እንቀባ፣ በሩን የምከፍተው ደግሞ እኔ ነኝ አለች። በር ልክፈት ማለቷ ብቻ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ ምን እናድል የሚል ምክክር ተጀመረ። ሰሎሞን ሪከንባከር መጋዘን ዕቃ ሲጭን አድሮ ስለሚመጣ መብራት አጥፍተን ብንተኛስ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ በሁለት ድምፅ ተሸነፈ። ብርቱካን እናድል አለ፤ ብርቱካንም ይበላል ተብሎ ወደቀ። እኔ ፊሽካ አልኩ፤ ቀን የሚተኛው ሰውዬ እጁን አጣምሮ ለመነኝ። ቀጥሎ ብይ ትዝ አለኝ። ብዩስ ሰበብ ነው፣ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ቀሚስሽን በጉልበትሽ መሃል ሸጉጠሽ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተንበርክከሽ የሰፈሩን ወንዶች ብይ ጠራርገሽ ስትበያቸው። እናቶቻቸው እኛ በር ላይ ቆመው ለእማዬ ስሞታ ሲናገሩ አንቺ ጓዳ ገብተሽ ብዩን በሩዝ ጆንያ ውስጥ ትደብቂ ነበር። ይህን ለሩሃማ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፤ ሕፃናት ይውጡታል ብላ ግን ሐሳቤን ጣለችው።

በመጨረሻ ሞርስ ሮድ ካለው ርካሽ ዕቃ መሸጫ ይዣት ሄድኩ። እርሳስ አነሳችና እሽጉን ገልብጣ ከጀርባው ማንበብ ጀመረች። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት ምን ምን እንዳለበት አለችኝ። እርሳስ እኮ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ልጅ ሆና በሱቅ ውስጥ ጽሑፍ ሳታነብ የምትነካው ነገር የለም። ከብዙ መዞር በኋላ አስፋልት ላይ የሚሳልበትን ያንን ወፍራም ባለቀለም ጠመኔ መረጠች። ለምን እሱን አልኳት። የሚበላ አይደለም፣ አንዱ ደግሞ ለሁለትም ለሦስትም ልጅ ይሆናል አለችኝ።

በምሽቱ ሰማያዊውን ዱባችንን ደረጃው ላይ አስቀምጠን በሩን ከፈትን። የመጀመሪያው ጎረምሳ ጠመኔውን አገላብጦ አይቶ ከረሜላ የላችሁም ወይ አለ፤ ሩሃማ የለም ስትለው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ሰሎሞን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ድሬ ቢሆን ይሄኔ ተጨፍሮ ተሰድበን ነበር ይለኛል። ቀጥሎ ንብ መስላ የለበሰች ሚጢጢ ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። እናትየዋ ከሩቁ ቆማ የሚበላ ነገር አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ሩሃማ ምንም የለውም፣ እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ አለቻት። እናትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነፈሰች። ትንሿ ንብ በወገቧ ያንኑ የመርፌ ቦርሳ ታጥቃለች። ሩሃማ አየችው፣ የራሷን ከውስጥ አምጥታ አሳየቻት፣ ከዚያ ሁለቱ የመኪና መግቢያችን ላይ ቁጭ ብለው መሳል ጀመሩ። እነሱን ያዩ ሌሎች ልጆችም ተቀላቀሉ። ወስዶ መሮጥ የለመደ ልጅ ሁሉ እኛ ደጅ ላይ ተንበርክኮ ቀረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያየሁት የድሬውን ግቢያችንን ነው፤ ልጅ ሁሉ ባለቤት የሆነበትን፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የማይታወቅበትን።

ከፊት ለፊታችን ሚስ ሎሬታ የምትባል ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር አለች። እሷም ዱባዋን ሰማያዊ ቀብታ ኖሮ ሩሃማን በእጇ ጠራቻት። ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ሂጂ አልኳት፣ እግሬ ግን አብሯት ሊሄድ ነበር። መንገዱን ተሻግራ እጇን ዘረጋች። ሚስ ሎሬታ የሰጠቻት ከክር የተሠራች መዳፍ የምታክል ዱባ ናት። ሩሃማ እንደ ልማዷ ገለበጠቻት፤ ምንም የተጻፈ የለም። ማን ሠራት ብላ ስትጠይቅ ሚስ ሎሬታ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ሩሃማ እጆቹን አየች፣ ዱባዋን አየች፣ ከዚያ ኪሷ ከተተቻት። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የማግስቱ ጠዋት ነው። ትምህርት ቤት ላደርሳት መኪና ውስጥ ነን፣ ያቺን ዱባ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትዳብሳለች። ማሚ፣ ስገለብጣት ሚስ ሎሬታ ተቀይማኝ ይሆን አለችኝ። ኧረ አልተቀየመችም አልኳት። አክስቴ ወሰን ግን ተቀይማኛለች አለች። ምነው ብላት፣ የሠራችልኝን ቆሎ ስለተፋሁባት ነው፤ ከዚያ ወዲህ እኔን ማናገር አትፈልግም አለችኝ። ሌላ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚቀናት ልጅ ይህን በአማርኛ ነው ያለችው፣ አንድ ቃል ሳትስት፤ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ያሰበችው ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩ። ወሰኔ፣ አንቺ ልጅቷን ጎዳሁ ብለሽ ስትሸሺያት፣ እሷ ደግሞ አንቺን አስቀየምኩ ብላ ይህን ሁሉ ወር ብቻዋን ስትብሰለሰል ኖራለች። እኔም እናት ነኝ ብዬ አጠገቧ ተቀምጬ አላየሁትም። አልተቀየመችሽም አልኳት። ታዲያ ለምን አታናግረኝም አለች። መልሱ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ቆሎ አትላኪ፣ በሶም አትላኪ፣ ሌላውን ሁሉ ተይው። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለሺ ደውይ። ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፣ እኔ አልነካውም። ደንበኛ ቢመጣም ይጠብቅሽ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ የዓይን ጠብታዋን በደራርቱ እጅ ልኬላታለሁ። ጋሽ ዓባይነህን ሰላም በዪልኝ፣ ፖለቲካውን ለሻይ ቤቱ ይተውለት። ኤልዳና ለፈተናዋ ትበርታ፣ አክስትሽ በጸሎት አብራሽ ናት በያት። ሞሚናንና ልጆቿን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፣ የሐሉዋውን ሳህን ዛሬም የምልሰው እኔ ነኝ በያት። ሰሎሞን በጣም ናፍቃችሁኛል ይላል። ሩሃማን ለአክስትሽ ምን ብዬ ልጻፍ ብላት፣ ምንም አትጻፊ፣ ራሴ እነግራታለሁ አለችኝ።

የምትወድሽ እህትሽ ሮማን

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.