የኦርቪል ፍሬን

እሑድ፣ ሜይ 5

ጠዋት የእሳት አደጋ ፈቃደኞች ልምምድ ነበረን። አሮጌዋ የውሃ መኪና ዛሬም ሚኒሞ አልይዝ አለች፤ ነዳጅ ሳይረግጡላት ሞተሯ በዝግታ መሥራት አልቻለም። እየተንቀጠቀጠች ሁለቴ ጠፋች። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ናት... ተለምዶ ቀረ። ማብቂያው ላይ ግን ወደ ጋራዡ ስትገባ መቆም አቅቷት በሩን ገጨችው። መሪው ላይ የነበሩት ኦርቪል ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዷት።

"ፍሬኑ ደንድኗል" አሉ።

አለቃችን ዱዌይን የተጨረማመተውን በር እያየ፣ "የደነደነውስ ጉልበትዎ ነው፣ ኦርቪል!" አለ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም። ኦርቪል ወርደው ሄዱ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 7

ፖስታ እያደልኩ ዱዌይን ደወለ። ኦርቪልን ከመሪው አንስቷቸዋል። "አንቺ የአባትሽን ትራክተር ስትፈቺ ያደግሽ ነሽ። መንቀጥቀጧን እዪልኝ፣ ሣሩ ሳይደርቅ።"

ሣሩ በጁን መጨረሻ ይደርቃል፤ ያኔ የሰደድ እሳት ወቅት ይጀምራል። እሳት ፊት ሞተሩ ቢጠፋ ፓምፑም አብሮ ነው የሚቆመው... ማሰብም አልፈልግም።

"ፍሬኑስ?" አልኩት።

"ራሴ ሞክሬዋለሁ። ይይዛል።"

ዱዌይን ጥጃ ተሸክሞ አጥር የሚሻገር ሰው ነው።

ቅዳሜ፣ ሜይ 11

ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አውርጄ አጠብኩ። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ቀየርኩ። አስነሳኋት... ያው ናት።

የሚገርመው ሚኒሞ ላይ ብቻ መሆኑ። ነዳጅ ስሰጣት ትረጋጋለች። ቤንዚን አንሷት ቢሆን ሥራ ሲበዛባት አይብስባትም ነበር? የሆነ ቦታ ያልተፈለገ አየር እየገባ ይሆን? ትንሽ አየር ሞተሩን የሚረብሸው ዝግ ሲል ነውና።

ሰኞ፣ ሜይ 13

መለኪያ ገጠምኩ፤ ሞተሩ አየር የሚመጥበትን ኃይል በመርፌ የሚያሳየውን። አሥራ ስምንት ላይ መቆም ነበረበት። አሥራ ሦስት! አየር መግባቱ ተረጋገጠ። ግን በየት?

በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ረጨሁ። ቀዳዳ ቢኖር ውሃውን ይስበውና የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ምንም። አንገቴ እስኪደርቅ ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ምንም። እራት ስበላም ይኸው ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ...

ረቡዕ፣ ሜይ 15

ጉድ!

ከመኪናዋ ልወርድ ስል ሳላስበው ፍሬን ረገጥኩ። ሞተሩ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። እግሬን ሳነሳ ተመለሰ። ደግሜ ረገጥኩ... እንደዚያው። ፍሬንን ከሞተር ምን አገናኘው?

አለ የሚያገናኝ! ከሞተሩ ወደ ሰርቮው የምትሄድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለች። ሰርቮው የሞተሩን መምጠጥ ተውሶ ነው ፍሬኑን ለእግር የሚያቀልለው። ቱቦዋን በፒንሳ ቆንጥጬ ያዝኩ። መንቀጥቀጡ ቀጥ! መርፌው አሥራ ስምንት።

ጮቤ ረገጥኩ። ወዲያው ግን... ቆይ። ሰርቮው ውስጡ ከተቀደደ አየር ወደ ሞተሩ ያስገባል። ፍሬኑንም ማቅለል አይችልም።

ኦርቪል ደንድኗል ብለው ነበር እኮ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

ሰርቮውን ከፈትኩት። የውስጡ ጎማ ሁለት ጣት በሚያስገባ ስፋት ተቀዷል። ጎማውን ይዤ ዱዌይን ጋ ሄድኩ።

"እኔ ስረግጣት ቆማ ነበር እኮ" አለ።

"አንተ አንተ ነህ። እሳቸው ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው።"

ፊቱ ቀላ። ኮቱን አንስቶ "እንሂድ" አለኝ።

ኦርቪል ድንች ሲተክሉ ደረስን። ጎማውን ተቀብለው ጣታቸውን በቀዳዳው አሾለኩና እኛን አዩን።

"ሰው ፊት ነው ያዋረድኩዎት፣ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለ ዱዌይን።

"እኔም ስቄ ነበር" አልኩ።

"አይቼሻለሁ" አሉ።

ወደ ድንቻቸው ተመለሱ። አላባረሩንም ግን... ቆመን ረዳናቸው።

እሑድ፣ ጁን 2

ከግሬት ፎልስ ከተማ የመጣውን አዲስ ሰርቮ ሐሙስ ገጠምኩ። ዛሬ ልምምድ። ዱዌይን ቃሉን ጠበቀ፤ ሁሉም ፊት፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቃቸው። ማንም አልሳቀም።

ኦርቪል ወደ መሪው ተመልሰው መኪናዋን ከነሙሉ ውሃዋ ቁልቁለቱን አወረዷት። ታች መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ እኔ በቆምኩበት፣ እንደ ላባ አቆሟት። ሞተሩ ድምፁም አይሰማም። ከዚያ ሳያጠፉት ወረዱና በሩን ክፍት አድርገው ያዙልኝ።

"ግቢ" አሉኝ።

"ምነው? ተረጋገጠ እኮ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም!"

"ለዚህ እኮ ነው። ተባርሬ አልወጣም ብዬ ነው የተመለስኩት። አሁን በገዛ እግሬ እወጣለሁ። ግቢ፣ ልጄ።"

ዞረው ከጎኔ ተቀመጡ። መሪውን ያዝኩ።

ዳገቱን ነዳሁት።