ከሦስቱ ካያኮች አንዷ

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ቅዳሜ አይሱዙ ይመጣል። ሁለቱን ካያኮች ጭኖ ይሄዳል፣ አንዷ ለኔ ትቀራለች። ሳምሶን፣ ወንዝ የምንወርድበት ቡድን አለቃ፣ ዛሬ ደውሎ ያለኝ ይህን ነው። ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር ቀዝፈሃል፣ አንዷን ምረጥ፣ ስጦታ ናት አለ። በጥቅምት እንግዶች ይዞ የወንጪትን ወንዝ ይወርዳል። እኔ ከጎማ ጀልባው ፊት ፊት በካያክ፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ ጀልባ፣ እየቀዘፍኩ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው አነሳለሁ፤ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ደግሞ ማዕበሉ ላይ እጫወትላቸዋለሁ። «ለሁለቱም የምትሆነውን ያዝ» አለኝ።

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀለኛል።

ካያኮቹን ወደ ቀየት፣ ወደኛ ደጋ፣ ያመጣናቸው የቆላው ፀሐይ ፕላስቲካቸውን እንዳይሰነጥቀው ነበር። አሁን የአባዬን የሽመና ቤት ተደግፈው ቆመዋል። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ተኝቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ የትም አይኬድም። እስቲ ልጻፋቸው።

ቢጫዋ። ረጅም፣ ሆደ ሰፊ። ውሃው ቢውጣት ራሷ ትወጣለች። ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ማዕበል ላይ ላጫውትሽ ብትላት ግን ትኮሳተራለች።

ቀይዋ። አጭር፣ ሥሯ ጠፍጣፋ፣ ጠርዟ ስለታም። ማዕበል ላይ ትሽከረከራለች፣ በጭራዋ ትቆማለች። ረጅም መንገድ ላይ ታደክማለች፣ ጭራዋን ውሃ ከነካው ትገለበጣለች። እግር ማስገቢያዋም ጠባብ ነው፣ ጉልበቴ ከአገጬ ሊገናኝ ምንም አልቀረው።

ሰማያዊዋ። አፍንጫዋ ወፍራም፣ ጭራዋ ቀጭን፣ ሥሯ ጠፍጣፋ። ወንዙንም ጨዋታውንም ትችላለች። የሚያውቅ ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚለው። ችግሯ ወርዷ ነው፤ ለወፍራም ሰው ተሠርታ እኔ ውስጧ እዋልላለሁ። ዳሌ ከግራና ከቀኝ ካልተያዘ ደግሞ ተገልብጦ፣ ከውስጧ ሳይወጡ በመቅዘፊያ መነሳት የለም።

አንድ ያልጻፍኩት አለ። አምና ጀማ ወንዝ ላይ ተገልብጬ ካያኬ ከቋጥኝ ሥር ተቀረቀረች። ራሴ ወደ ታች፣ እግሬ ውስጥ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ያላቀቀኝ ወንዙ ራሱ ነው። ሌሎቹ ሲደርሱ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ አገኙኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ተገልብጬም አላውቅም። እግሬ ወደ ውስጥ ሲገባ እጄ ያልበዋል።

ካልወረድኩ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። አባዬ ከእሳቸው ጉድጓድ አጠገብ ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ሁለተኛ የሽመና ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ማርያም ናት። አባዬ ሥራ አልያዙም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ካያኮቹን እየዞሩ አዩ። እህቴ ብርቄ የጎማ ቀሚሱን አንስታ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። ወገብ ላይ ታጥቀኸው የካያኩን አፍ የምትከድንበት ነው፣ ውሃ እንዳይገባ። «ወንድሜን ልድረው ነው፣ ቀሚሱ ተሟልቷል» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አባዬ አልሳቁም። «መግባቱስ ገባህ» አሉኝ፣ «መውጫው በየት ነው?»

ቀሚሱን ስቦ ገፍቶ መውጣት ነው፣ ቀላል ነው አልኳቸው። በማርያም ቀን ዋሸሁ።

ሰማያዊዋን ማጥበብ አለብኝ። ጠንካራ ስፖንጅ ያስፈልጋል፣ ስፖንጁ ያለው ደብረ ብርሃን ነው፣ መኪና ደግሞ የለም። ዙሪያዬን ስቃኝ አልጋ ሥር አሮጌ ባና አገኘሁ፤ አባዬ ራሳቸው የሠሩት ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ። ሳያዩኝ ቀደድኩት። አጣጥፌ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ጠቀጠቅኩት፣ በሲባጎ አሰርኩት። ገብቼ ብቀመጥ ልክክ አለች። ሳወዛውዛት አብራኝ ትወዛወዛለች። ጎበዝ አልኩ ራሴን።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

እስከ መጨረሻው ልጻፈው።

ለመስኖ ወደ ተገደበው ውሃ ወረድኩ። አባዬ ካልተከተልኩ አሉ። አፍንጫዋ ላይ ገመድ አስረው ጫፉን ያዙ፣ ጥጃ የሚያግዱ ይመስል። ተውኳቸው።

ሰማያዊዋ ድንቅ ናት። አንድ ሰዓት ያህል ቀዘፍኩ። በዳሌዬ ብቻ ትዞራለች፣ ጠርዟ ላይ ትቆማለች፣ ስለቃት ትመለሳለች። ከልቤ ደስ አለኝ። አምና ከጀማ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትንሽ ውሃ በቀሚሱ ወገብ ሾልኮ ይገባል፣ እሱ ሁልጊዜም ያለ ነው።

«መገልበጡንስ?» አሉ አባዬ ከዳር።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ተገለበጥኩ። በመቅዘፊያው ልነሳ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ደገምኩ፣ አልሆነም። ቀሚሱን ሳብኩ፣ ተከፈተ። መውጣት ብቻ ነው የቀረኝ። ስገፋ ዳሌዬ አልንቀሳቀስ አለ። ግራና ቀኝ ጥርቅም አድርጎ ይዞኛል። ውሃው ጨለማ ነበር። ጀማ መጣብኝ። በቃ፣ እዚሁ ነው አልኩ።

አባዬ ዋና አያውቁም። ገመዱን እየሳቡ፣ በእግራቸው ወደ ውሃው እየገቡ ዳር አቀረቡኝ። ውሃው ደረታቸው ደርሶ ነበር። ካያኳን እንዴት እንዳቀኗት አላውቅም። ስነቃ ሲባጎውን በቢላ ሲቆርጡ አየሁ። ከዚያ የራሰውን ሱፍ መዘው አወጡ። ግማሽ በግ ያህላል።

ባናቸውን አወቁት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። «አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ባና ረግጠህ አላደግህም? ሱፍ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን ጠፋህ?»

አልጠፋኝም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ፣ አዲስ ባና ከሽመና ሲወርድ ውሃ እያፈሰስን እንዲወፍርና እንዲጠብቅ በእግራችን ስንረግጥ ኖረናል። የሸማኔ ልጅ ነኝ። የጠቀጠቅኩት ደረቅ ሳለ ልክ ስለሆነ ብቻ ነው።

አለቀስኩ። ስለ ጀማ ነገርኳቸው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ። ጨርሼ ቀና ስል ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ ልብሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል። መጀመሪያ ልብስ እንኳ ሳላለብሳቸው።

አርብ፣ መስከረም 23

አባዬ ሳል ይዟቸዋል። የኔ ሥራ ነው። ብርቄ ልታናግረኝ አልፈለገችም፣ እስከ ምሳ።

ቢጫዋን ልውሰድ? አፏ ሰፊ ነው፣ ሾልኮ መውጣት ቀላል ነው። ግን የማስበው ወንዙን አይደለም፣ መውጫዋን ብቻ ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ በቢጫዋ ሆኜ ማዕበሉን ከዳር ማየት ብቻ ነው። ቀይዋን አላስባትም። ሁሉንም ትቼ አይሱዙው ላይ ልጫናቸው? ይህንንም አስቤአለሁ። ጠዋት ወደ ሽመና ቤቱ ገብቼ አዲሱ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። እግሬን አላስገባሁም።

ከምሳ በኋላ ብርቄ በማዳበሪያ ከረጢት የተበጠሱ ነጠላ ጫማዎች አምጥታ እግሬ ሥር ዘረገፈች። ከየቤቱ ለምና ነው። «ውሃ የማይጠጣ ነው የሚሻልህ» አለች። አባዬ ከነሳላቸው ተነስተው በቢላ እየቀረጹ የሰማያዊዋን መቀመጫ ግራና ቀኝ ሠሩልኝ። በሰም ክር ሰፉት። ላጠብቀው ስል እጄን ያዙ፦ «ሁለት ጣት ክፍት ተው። ከሚያጣብቅህ የሚለቅህ ይሻላል።»

ሁለት ጣት ተውን።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ጉሙ ዛሬ ተነሳ። አይሱዙው ረፋድ ላይ መጣ። ሾፌሩ የትኞቹን ልጫን አለኝ። ቢጫዋንና ቀይዋን አሳየሁት። አፌ ሳይሆን እጄ ነው የመረጠው።

ከመሄዱ በፊት ለሳምሶን ደወልኩ። ስለ ጀማም ስለ ሐሙስም ነገርኩት።

«አምና ለምን አልነገርከኝም?»

«ሥራውን እንዳትነሳኝ።»

ተገልብጦ የማይነሳ ሰው ሌላውን እንዲያነሳ አልልክም አለ። እውነቱን ነው። በጥቅምት ፊት ፊት የሚቀዝፈው ሌላ ሰው ነው። እኔ ከፈለግሁ በጎማ ጀልባው ላይ እቀዝፋለሁ፤ ከእንግዶቹ ሁለት ቀን ቀድሜ ብወርድ ደግሞ ረጋ ባለው ውሃ ላይ አብረን እንሞክራለን። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አልነገረኝም። እኔም ቃል አስገባኝ አላልኩትም። አፈርኩ፣ ደግሞም ቀለለኝ፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውሃው ተመለስን። አባዬ ዛሬ ዳር ላይ ጋቢ ተከናንበው ነው፣ ገመዱን ግን አለቀቁም። ተገለበጥኩ፣ ቀሚሱን ሳብኩ፣ ወጣሁ። ደገምኩ፣ ወጣሁ። ሦስተኛውን በመቅዘፊያ ልነሳ ሞክሬ ግማሽ ደርሼ ወደቅኩ፣ ወጣሁ። ነጠላ ጫማው ይይዛል፣ ስገፋው ይለቃል።

ለአራተኛው ገብቼ ቀሚሱን ከደንኩ። ጎንበስ ልል ስል እጄ ያልበው ጀመር።

«አባዬ፣ ፈራሁ» አልኩ።

«እንግዲያው ለዛሬ ይብቃህ» አሉ።

እሳቸው አፍንጫዋን፣ እኔ ጭራዋን ይዘን ዳገቱን ወጣን።